ማን ሠራው? ማንስ አፈረሰው?

የአንድ ቀን ጉብኝት በጎንደር አብያተ መንግሥት

ታሪካዊ ሥፍራን የሚጎበኝ ሰው በሁለት መንገድ ሊጎበኝ ይችላል። አንደኛው ከብዙ ሕዝብ ጋራ ተደባልቆ፥ ፊት ለፊት የሚሄደውን እየተከተለ፥ የተነገረውን ብቻ ሰምቶ መመለስ ነው። ሁለተኛው ግን ጥቂት ወዳጆች ገንዘባቸውን አዋጥተው፥ ለራሳቸው ብቻ አንድ መኪናና አንድ አስጎብኚ ይዘው፥ በፈለጉበት ቆመው፥ ያልገባቸውን እየጠየቁ የሚውሉበት ነው። በዚህ በሁለተኛው መንገድ የሄደ ሰው የማየት ዕድል ብቻ ሳይሆን የመጠየቅ ግዴታም አለበት፤ ሳይጠይቅ ከተመለሰ የከፈለው ለመኪናው ብቻ ነውና።

እኛም በአንድ የበጋ ቀን አራት ሆነን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የተጓዝነው በዚሁ ዐይነት ነው። ከመካከላችን አንዱ በመምህርነት ሥራ ያረጁ አዛውንት ነበሩ፤ የቀረነው ከመጻሕፍት የቃረምነውን ጥቂት ዕውቀት እንደ ትልቅ ስንቅ ይዘን የወጣን ነን። አስጎብኚያችን በጎንደር ተወልዶ ያደገ፥ ዕድሜው ከሠላሳ የማይበልጥ፥ ንግግሩ የታረመ ወጣት ነው።

ከባሕር ዳር እስከ ጎንደር ያለው መንገድ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎሕ ሲቀድ ዐባይን ተሻግረን፥ የፎገራን ሜዳ አቋርጠን፥ ወረታንና አዲስ ዘመንን አልፈን እንፍራዝ አጠገብ ስንደርስ፥ ወጣቱ መኪናውን አስቆመና በኮረብታ ላይ ያለውን የጉዛራን ግንብ አሳየን። የሀገሩ ትውፊት ይህ ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት የነገሡት የዐፄ ሠርፀ ድንግል ሥራ ነው ይላል። ወጣቱም «ይህን በልባችሁ ያዙልኝ፤ ጎንደር ስንደርስ ይፈለጋል» አለን። ነገሩ ለጊዜው ባይገባንም አደራውን ተቀብለን ጉዟችንን ቀጠልን።

ጎንደር የደረስነው ረፋዱ ላይ ነው። ፋሲል ግቢ እየተባለ የሚጠራውን የነገሥታት ሠፈር 900 ሜትር ርዝመት ያለው የድንጋይ ቅጥር ይከበዋል፤ በሮቹም 12 ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅት በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። በቅጥሩ ውስጥ የአንድ ንጉሥ ቤት ብቻ የሚያገኝ የሚመስለው ሰው ግን ይሳሳታል። ከዐፄ ፋሲል በኋላ ከነገሡት ብዙዎቹ በአባቶቻቸው ቤት አጠገብ የየራሳቸውን እየጨመሩ ስለ ሄዱ፥ ግቢው በድንጋይ የተጻፈ የነገሥታት ዜና መዋዕል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ አስቀድመን የገባነው ወደ ዐፄ ፋሲል ግንብ ነው። ዐፄ ፋሲል በ1624 ዓ.ም. ነግሠው በ1628 ዓ.ም. ገደማ ጎንደርን መናገሻቸው አደረጉ። ከዚያ በፊት ለረጅም ዘመን የነገሥታቱ ከተማ አብዛኛውን ጊዜ የድንኳን ከተማ ነበረ፤ ንጉሡ ሲነሣ ከተማውም ይነሣል። ስለዚህ ይህ ግንብ የአንድ ንጉሥ መኖሪያ ብቻ ሳይሆን፥ መንግሥት በአንድ ሥፍራ ለመርጋት ያደረገው ውሳኔ ምልክት ነው። በአራቱ ማዕዘን ጉልላት ያላቸው ክብ ማማዎች ቆመውለታል፤ ከእነርሱ ልቆ የሚታየው ባለ አራት ማዕዘን ማማ ሲሆን፥ ሰማዩ በጠራ ቀን ከዚያ ላይ ሆኖ ጣናን ማየት ይቻላል።

በዚህ ጊዜ ከመካከላችን አንዱ ወደ ላይ አንጋጦ፥ «መቼም የፖርቱጋሎች እጅ ብልህ ነው» አለ። ወጣቱ ፈገግ ብሎ፥ «ይህን ቃል ሳልሰማ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው፤ እባካችሁ ዘመኑን አብረን እንቁጠረው» አለና ጣቱን እያጠፈ ይቆጥርልን ጀመር።

400 ያህል የፖርቱጋል ወታደሮች ከባሕር ዳርቻ ተነሥተው ወደ መሐል ሀገር የዘለቁት በ1533 ዓ.ም. ነው። ከዐፄ ገላውዴዎስ ሠራዊት ጋራ ሆነው ተዋግተው፥ ኢማም አሕመድ በ1535 ዓ.ም. ከወደቀ በኋላ ከጦርነቱ የተረፉት ብዙዎቹ እዚሁ ተጋብተው ልጅ ወልደው የሀገሬው ሰው ሆኑ። ከእነርሱ በኋላ የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት በዐፄ ሱስንዮስ ቤተ መንግሥት ተሰሚነት አገኙ፤ ከመካከላቸው በግንባታ ዕውቀቱ ስሙ የሚነሣው ፔድሮ ፓኤዝ ግን በ1614 ዓ.ም. ሞተ። ዐፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት በመቀበላቸው ሀገሩ በእርስ በርስ ጦርነት ደማ፤ በ1624 ዓ.ም. የቀድሞው ሃይማኖት እንዲመለስ ዐውጀው ዙፋናቸውን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። ዐፄ ፋሲልም ካህናቱን አስቀድመው ከቤተ መንግሥት አራቁ፥ ቀጥለውም ከሀገር አስወጡ። ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው ጎንደር የተቈረቈረችው። እንግዲህ ግንቡን ያሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው ማለት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል።

ወዳጃችን አፈረ፤ እኛም የእርሱን ሐሳብ በልባችን ይዘን ስለ ነበር አብረን አፈርን።

ነገር ግን ወጣቱ በዚህ ረክቶ አላቆመም፤ ከባዕድ የተማርነው ምንም የለም ብሎ ሊያስደስተን አልወደደም። «በመንገድ ላይ የሰጠኋችሁን አደራ አሁን መልሱልኝ» አለን። እንፍራዝ አጠገብ ያየነው ግንብ ትውፊቱ እንደሚለው ከሆነ ከጎንደር የቀደመ ነው፤ ዐፄ ሱስንዮስ በጎርጎራና በደንቀዝ ያሠሯቸው ሕንጻዎችም ያለ ጥርጥር ይቀድሙታል። ድንጋይን ከድንጋይ በኖራ ማያያዝም በዚህ አውራጃ የተስፋፋው በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ነው። ከዚህም በቀር፥ በ1640 ዓ.ም. ገደማ ከየመን ኢማም ተልኮ ወደ ጎንደር የመጣው አል ሐይሚ የተባለ መልእክተኛ፥ ከድንጋይና ከኖራ የተሠራውን ይህን ቤት በዐይኑ አይቶ አድንቆ፥ የሠሪዎቹ አለቃ ሕንዳዊ እንደ ነበረ ጽፏል። ስለዚህ በጎንደር ሕንጻ ላይ የሕንድም፥ የዐረብም፥ የአውሮፓም ጥበብ ፈለግ ይታያል። ይሁን እንጂ ከሦስቱ በአንዱ ሀገር ይህንኑ የሚመስል ግንብ ፈልገን ብንሄድ አናገኝም፤ ከየቦታው የመጣው ዕውቀት እዚህ ተቀላቅሎ ሌላ ነገር ሆኗልና።

አዛውንቱ መምህር ይህን ሁሉ በጸጥታ ሲሰሙ ቆይተው፥ «መልካም ነው ልጄ፤ አለቃው ሕንዳዊ ይሁን፥ አሠሪው ንጉሥ ይሁን። ድንጋዩን የጠረበው፥ ኖራውን ያቦካው፥ እንጨቱን ያገጣጠመው ማነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ወጣቱም «አባባ፥ ይህን የሚጠይቀኝ ጥቂት ሰው ነው» አለና ወደ ግድግዳው አቀረበን። ከሠራተኞቹ መካከል ትልቅ ድርሻ የነበራቸው ቤተ እስራኤል ናቸው። ርስት የመያዝ መብታቸውን ስላጡ በእጅ ሥራ ይተዳደሩ ነበር፤ ግንበኛው፥ አናጢው፥ ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪው ከእነርሱ ወገን ነበረ። በጎንደር ነገሥታት ዘመን አንዳንዶቹ ለሙያቸው መሬትና ሹመት ቢያገኙም፥ ሕዝቡ ሥራቸውን እየፈለገ ሠሪውን ቡዳ እያለ ይሸሽ ነበር። ከጎንደር ወጣ ብላ የምትገኘው ወለቃ የእነርሱ መንደር ነበረች። በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል፥ በ1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ የሚኖሩት በዚያ ነው። ግንቡ የፋሲል ይባላል፥ የኢያሱ ይባላል፥ የበካፋ ይባላል፤ በጠራቢው ስም የሚጠራ ግን አንድም የለም። እኛም የባዕዱን ስም ለማንሣት ፈጥነን፥ የጎረቤታችንን ስም ሳናነሣ መቅረታችንን ስናስብ፥ ከቅድሙ ይልቅ ይህ አሳፈረን።

ከዚያ ወጥተን የዐፄ ዮሐንስ ቀዳማዊን ቤተ መጻሕፍት፥ የዐፄ ዳዊትን የዘፈን አዳራሽ፥ የዐፄ በካፋን ረጅም የግብር ቤት፥ የእቴጌ ምንትዋብን ግንብ እየተዘዋወርን ተመለከትን። በ1674 ዓ.ም. የነገሡት ታላቁ ኢያሱ ያሠሩት ግንብ ውስጡ በዝሆን ጥርስ፥ በወርቅና በመስታወት ያጌጠ እንደ ነበረ ይነገራል። ዛሬ ጣራ የለውም፤ ከአንገቱ በላይ የሚታየው ሰማይ ነው። አዛውንቱ በዚህ ቆመው ሁለተኛውን ጥያቄ አቀረቡ፤ «ይህንንስ ማን አፈረሰው?»

ወጣቱ ከመመለሱ በፊት ጥቂት ዝም አለ። ኋላም «እውነቱን ለመናገር፥ ለብዙ እንግዶች ጦርነት ነው ያፈረሰው ብዬ አልፋለሁ። ስም ስጠራ የሚቆጣ አይጠፋም» አለን። አዛውንቱም «እኛ አንቆጣም፤ ንገረን» አሉት። እርሱም ነገረን፤ የነገረንንም በቅደም ተከተል እናቀርባለን።

መጀመሪያ የመሬት መንቀጥቀጥ አለ፤ በ1696 ዓ.ም. ገደማ የደረሰው የኢያሱን ግንብ እንደ ጎዳው ይነገራል። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የሰው ሥራ ነው። በ1762 ዓ.ም. ወደ ጎንደር የመጣው የስኮትላንዱ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ፥ ከቤተ መንግሥቱ አብዛኛው ክፍል በየጊዜው በተነሣ እሳት ፈርሶ እንዳገኘው ጽፏል። ይህም ማለት ባዕድ ጠላት ቅጥሩን ሳይደፍር፥ የሀገር ሰዎች በሥልጣን ሲሻሙ ግንቡ መቃጠል ጀምሯል ማለት ነው። ብሩስ ከመምጣቱ አንድ ዓመት በፊት፥ በ1761 ዓ.ም. ዐፄ ኢዮአስ ተገድለው ዘመነ መሳፍንት ገብቶ ነበር፤ እስከ 1847 ዓ.ም. ድረስ ንጉሡ በግንቡ ተቀምጦ መሳፍንቱ ስለሚገዙ፥ የፈረሰውን የሚጠግንበት አቅም አልነበረውም።

ይህን ዘመን የዘጉት ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። ነገር ግን አንድነትን የመለሱት እኚሁ ንጉሠ ነገሥት፥ በከተማዋ ሕዝብና ካህናት ላይ ስለ ተቆጡ በኅዳር 1859 ዓ.ም. ጎንደርን አስዘርፈው አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠሉ። ከከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት የተወሰዱትን መጻሕፍት በመቅደላ ሰበሰቧቸው፤ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከዚያ ካገኛቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ወደ ለንደን ሄደው ዛሬም በዚያው ይገኛሉ። በጥር 1880 ዓ.ም. ደግሞ የደርቡሽ ጦር ገብቶ ከተማዋን አቃጠለ። በመጨረሻም የኢጣልያ ጦር በወረራው ዘመን ግቢውን የጦር ሠፈሩ ስላደረገው፥ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን እስኪሰጥ ድረስ በተደረገው ውጊያ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች ቦምብ ጥለውበታል። የኢያሱ ግንብ የዛሬ መልኩ ከዚህም ቦምብ የመጣ ነው።

አዛውንቱ ጥቂት አሰቡና፥ «እንግዲያው የአፍራሾቹም ዝርዝር እንደ ሠሪዎቹ ነው፤ የውጭውም አለበት፥ የቤቱም አለበት» አሉ። ዐፄ ቴዎድሮስን የማይወድ ከመካከላችን አልነበረም፤ ቢሆንም ማንም አልተቆጣም። ታላቅ ሥራውን የምናከብርለት ሰው ያጠፋውን ጥፋት መስማት ያማል እንጂ አይገድልም።

ከቀትር በኋላ ታላቁ ኢያሱ ወደ መሠረቷት ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ሄድን። ጣራዋን የሞሉትን የመላእክት ገጾች ቀና ብለን ስናይ፥ ደርቡሾች መጥተው በነበረ ጊዜ የንብ መንጋ ተነሥቶ እንደ መለሳቸው የቤተ ክርስቲያኑ አገልጋይ አወሩልን። በመጨረሻም የፋሲል መዋኛ ወደሚባለው ሥፍራ ወረድን። በዚያ የዋርካ ሥሮች ቅጥሩን እንደ ጣት ይዘውት ይታያሉ፤ ገንዳው ባዶ ነበር። በየዓመቱ ለጥምቀት ግን ውሃ ይሞላል፥ ሕዝቡም ይጠመቅበታል፤ የጥምቀት በዓላችንም በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንጻ ጠጋኝ እንደማያጣ በዚህ ተረዳን።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ፥ እንፍራዝ አጠገብ ወዳጃችን ሳይጠየቅ ወደ ጉዛራ ግንብ እጁን ዘረጋ፤ ወጣቱም ሳቀ። ወደ ጎንደር የምትሄዱ አንባቢያን ሆይ፥ አስጎብኚያችሁን ማን ሠራው ብላችሁ ብቻ አትለፉት፤ ማን አፈረሰውም በሉት፥ ሲመልስላችሁም አትቆጡት። ለእኛ ሊነገረን የሚፈራው ታሪክ ለልጆቻችን የሚነግራቸው አያገኝም። ቅጥሩን ጎብኝተው ሲወጡም፥ ስማቸው ያልተጻፈላቸውን ጠራቢዎች አንድ ጊዜ ማሰብ ለሰው ሁሉ የሚገባ ዕዳ ነው።