የመምህር እስኪያ ምፓህሌሌ ዜና መዋዕል

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1919 ዓመት፣ በደቡብ አፍሪካ በፕሪቶሪያ ከተማ፣ ከአባቱ ከሙሴና ከእናቱ ከሔዋን ወንድ ልጅ ተወለደ፤ ስሙም ሕዝቅኤል ተባለ። በሕፃንነቱ በሰሜን በማውፓኔንግ መንደር ከአባቱ እናት ዘንድ ሆኖ ፍየል ጠበቀ። ወደ ፕሪቶሪያ፣ ወደ ማራባስታድ ሰፈር ሲመለስ ያገኘው ድኽነትን ነው። አንድ ቀንም አባቱ ተቆጥቶ በእሳት ላይ የፈላውን ድስት በእናቱ ላይ ደፋባት። ፖሊስ ይዞት ሄደ፤ ሕዝቅኤልም ከዚያ ወዲያ አባቱን አላየም።

ከዚህ በኋላ የእናቱ እናትና አክስቱ የነጮችን ልብስ እያጠቡ፣ በስውርም ጠላ እየጠመቁ አሳደጉት። ጥቁር ሰው ጠላ እንዳይጠምቅ ተከልክሎ ነበርና ጠላውን በቆርቆሮ አድርገው በግቢው አፈር ውስጥ ይቀብሩት ነበር። ብላቴናውም የታጠበውን ልብስ ከነጮች ደጅ ያደርስ ነበር። ሊቁ የወጣው ከዚህ ግቢ ነው።

ተምሮም በጆሃንስበርግ አጠገብ በኦርላንዶ ሰፈር መምህር ሆነ፤ ከሥራም ሁሉ ማስተማርን ወደደ። በዚያም ወራት መንግሥት የጥቁር ልጆችን ለጉልበት ሥራ ብቻ የሚያሰናዳ ትምህርት ሊያቋቁም መከረ። ሕዝቅኤልና ሁለት ባልንጀሮቹ ይህን ስለ ተቃወሙ በ1952 ከማስተማር ተባረሩ፤ ይህን ትምህርት የሚያቋቁመው የባንቱ ትምህርት ሕግም በ1953 ታወጀ።

በ1955 በጆሃንስበርግ ድረም የተባለው መጽሔት ተቀበለው። የፖለቲካ ወሬ ዘገበ፣ የልብ ወለዱንም ዓምድ አዘጋጀ። ነገር ግን ልቡ አላረፈም፤ ወደ ጋዜጠኝነት የገባው የመምህርነቱ በር ስለ ተዘጋበት ነበርና። ከሥራው ጋር እያጠና በ1956 የማስተርስ ዲግሪ በማዕረግ ተቀበለ። ጥናቱም የደቡብ አፍሪካ የእንግሊዝኛ ልብ ወለዶች ነጭ ያልሆነውን ሰው እንዴት አድርገው እንደ ሣሉት የሚመረምር ነው። እንደ እኔ አሳብ ሊቅነቱ መቆጠር ያለበት ከዚህ ጥናት ጀምሮ ነው፤ የፕሮፌሰርነት ሹመቱ የመጣው ግን ብዙ ቆይቶ ነው።

በ1957 ወደ ናይጄሪያ ተሰደደ፤ ሚስቱ ርብቃና ልጆቹም ተከተሉት። ከዚያ ፓሪስ፣ ናይሮቢ፣ ዴንቨር፣ ሉሳካ፣ ፊላዴልፊያ፤ ስደቱ ሃያ ዓመት ሆነ። በ1959 የሕይወቱን ታሪክ «ዳውን ሰከንድ አቬኑ» ብሎ አሳተመ፤ በ1968 በዴንቨር ዶክተር ተባለ። በአገሩ ግን ጽሑፎቹ እንዳይነበቡ ታገዱ።

በ1977 ወደ አገሩ ገባ፤ ስሙንም እስኪያ አሰኘ። አፓርታይድ የተባለው የዘር መድልዎ አገዛዝ ሳይወድቅ ስለ ተመለሰ በስደት የቀሩ ወዳጆቹ ነቀፉት። እኔ ግን አልነቅፈውም፤ የተነጠቀው ክፍልና የተነጠቁት ተማሪዎች ያሉት በዚያ ነበርና። የሰሜን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሊያደርገው ቢሻ መንግሥት ከለከለ፤ እርሱም የትምህርት ቤቶች ተቆጣጣሪ ሆነ። በ1979 በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ ወደ አፍሪካ ጥናት ተቋም ገባ። በ1983 በዚያው የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍልን አቋቋመ፤ የዩኒቨርሲቲውም የመጀመሪያ ጥቁር ፕሮፌሰር እርሱ ሆነ። እስከ 1987 አስተምሮ ጡረታ ወጣ፤ በ2008ም በሌቦዋክጎሞ አረፈ።