የወንጀል ፍትሕ ትምህርት በጅቡቲ ከተማ

የወንጀል ፍትሕ ትምህርት፣ ማለትም የወንጀልን ምንነት፣ የፖሊስን ምርመራ፣ የፍርድ ቤትን ክርክርና የታራሚዎችን አያያዝ በአንድነት የሚመረምረው ዘርፍ፣ በጅቡቲ ከተማ በአብዛኛው የሚሰጠው በሕግ ትምህርት ውስጥ ታቅፎ ነው። በአሜሪካ አንድ ተማሪ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በሁለት ዓመት ወደ 60 ክሬዲት ያህል ከያዘ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ተዛውሮ ዲግሪውን ይጨርሳል፤ ጅቡቲ በወረሰችው የፈረንሳይ ወግ ግን ትምህርቱ ተከፋፍሎ የወንጀል ሕጉ ለሕግ ፋኩልቲ፣ የምርመራው ሙያ ለፖሊስ ማሠልጠኛ፣ የወንጀል ጠባይ ጥናቱ ደግሞ ለከፍተኛ ደረጃ ተማሪዎች የተተወ ነው። በዚህ መጣጥፍ የተጠቀሱት ዓመታት በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

አጀማመር

ጅቡቲ ሰኔ 27 ቀን 1977 ነጻ ከወጣች በኋላ ከሃያ ዓመት በላይ ዩኒቨርሲቲ አልነበራትም፤ ሕግ ለመማር የፈለገ የሁለተኛ ደረጃ ምሩቅ በአመዛኙ ወደ ፈረንሳይ ይሄድ ነበር። በ2000 «ፖል ዩኒቨርሲቴር» የተባለው ተቋም በከተማዋ ተከፈተ፤ በጥር 2006 ደግሞ የጅቡቲ ዩኒቨርሲቲ ተመሠረተ። የከፍተኛ ትምህርት መነሻ የትኛው ነው በሚለው ላይ አጻጻፉ አንድ አይደለም፤ ፖሉን እንደ ዩኒቨርሲቲው የመጀመሪያ ምዕራፍ የሚቆጥር 2000ን፣ ሕጋዊ ስያሜውን የሚከተል 2006ን ይጽፋል። ለዚህ መጣጥፍ ርእስ የቀድሞው ቀን የሚበልጥ ይመስላል፤ ምክንያቱም የተማሪውን ጉዞ የለወጠው የስሙ መቀየር ሳይሆን የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በአገሩ ተምሮ ቀሪውን በውጭ የመጨረስ ዕድል መገኘቱ ነው።

በዚያን ጊዜ በፈረንሳይ ሥርዓት «ደግ» የሚባል የሁለት ዓመት የምስክር ወረቀት ነበረ። ወረቀቱ በራሱ የተሟላ ቢሆንም በሕግ ዘርፍ ብቻውን ብዙ በር ስለማይከፍት ዋና ጥቅሙ ወደ ሦስተኛው ዓመት፣ ማለትም ወደ «ሊሳንስ»፣ መሸጋገሪያ መሆኑ ነበር። ሊሳንስን በሦስት ዓመት፣ ማስተርን በሁለት፣ ዶክትሬትን በሦስት ዓመት የሚቀምረው አዲሱ ሥርዓት ሲመጣ «ደግ» ቀረ፤ በምትኩ እያንዳንዱ ዓመት 60፣ ሊሳንሱ በጠቅላላው 180 ክሬዲት ሆነ። ሁለት ዓመት የተማረ ሰው 120 ክሬዲት ይዞ ይሄዳል፤ ይሁንና ክሬዲቱን መቀበልም ሆነ አለመቀበል የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ ሥልጣን ነው።

የትምህርቱ ይዘት

በሕግ ፋኩልቲዎች በተለመደው የፈረንሳይ ቅደም ተከተል ጠቅላላ የወንጀል ሕግ የሚሰጠው በሁለተኛው ዓመት ሲሆን የወንጀል ሥነ ሥርዓት በብዙ ቦታ የሚመጣው በሦስተኛው ነው። ስለዚህ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ የሚዛወር ተማሪ ወንጀል ምን እንደሆነ ተምሮ፣ ተጠርጣሪ እንዴት እንደሚያዝና እንደሚከሰስ ግን በሌላ አገር መምህር ፊት የሚማር ይሆናል፤ ክሬዲቱ ሳይጎድል ትምህርቱ ለሁለት የሚከፈለው እዚህ ላይ ነው።

የማስተማሪያው መሣሪያ የፍርድ ትንተና ነው። ተማሪው አንድ ፍርድ ይሰጠውና በቅድሚያ ፍሬ ነገሩን፣ ቀጥሎ ጉዳዩ ከታች ፍርድ ቤት የመጣበትን መንገድ፣ ከዚያም የተከራካሪዎችን አቤቱታና የተነሣውን የሕግ ጥያቄ፣ በመጨረሻ የፍርድ ቤቱን መልስ በአንድ ገጽ ያሰፍራል። ጽሑፉ ሲሰፋ ወግ አጥባቂ መምህር ሁለት ክፍል፣ በየክፍሉም ሁለት ንዑስ ክፍል ይጠብቃል፤ ሦስተኛ ክፍል የጨመረ ተማሪ ሐሳቡ ቢያምርም ነጥብ ሊቀነስበት ይችላል።

የአገሪቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ የወጣው በ1995 ሲሆን የሞት ቅጣትን ያስቀረውም እርሱ ነው። ሕጉ ጥፋቶችን እንደ ፈረንሳዩ በከባድ ወንጀል፣ በመካከለኛ ወንጀልና በደንብ መተላለፍ ይከፍላል። በሁለቱ ሕጎች መካከል ያለውን ልዩነት ለማሳየት አንቀጽ 333 በቂ ምሳሌ ነው፤ አንቀጹ የሴት ልጅ ግርዛትን በስሙ ጠርቶ በአምስት ዓመት እስራትና በ1,000,000 የጅቡቲ ፍራንክ ይቀጣል። በፈረንሳይ ግን ይኸው ድርጊት በዋናነት የሚከሰሰው አካልን በዘለቄታው ስለሚያጎድል ጥቃት በሚናገረው ጠቅላላ ድንጋጌ ነው።

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ንጽጽሩ እንግዳ አይሆንም። የ1957ቱን የኢትዮጵያ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ያረቀቁት ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን በፈረንሳይኛ ነበር፤ በ1963 በአዲስ አበባ የተከፈተው የሕግ ፋኩልቲ ግን ያስተማረው በእንግሊዝኛ ነው። ስለዚህ ከጅቡቲ ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ተማሪ የሚያጋጥመው የሕግ ባዕድነት ሳይሆን የቋንቋ ነው።

ከመጽሐፉ ውጭ ያለው ሕግ

በኢሳዎች ዘንድ «ሔር»፣ በአፋሮች ዘንድ «መድዓ» የሚባሉት ባህላዊ ሕጎች ዛሬም ግጭት ያበርዳሉ። ሔር የነፍስ ግድያን የሚያየው እንደ ጎሣዎች ዕዳ ስለሆነ መፍትሔው «መግ» የተባለው የደም ካሳ ነው፤ ልማዱም ካሳውን በግመል ይቆጥራል። ዩኔስኮ በ2024 የኢሳን ሔር የኢትዮጵያ፣ የጅቡቲና የሶማሊያ የጋራ የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። የጅቡቲው ምሁር አሊ ሙሳ ኢዬ «የዛፉ ፍርድ» የሚል ርእስ በሰጡት የፈረንሳይኛ መጽሐፋቸው ይህንኑ ሥርዓት ዘርዝረዋል።

የቦሬል ጉዳይ

የጅቡቲን ስም ከዓለም አቀፍ የወንጀል ትብብር ሕግ ጋር ያያያዘው በፍትሕ ሚኒስትሩ ዘንድ አማካሪ የነበሩት ፈረንሳዊ ዳኛ በርናር ቦሬል ጥቅምት 19 ቀን 1995 ሞተው መገኘታቸው ነው። አሟሟታቸው አከራካሪ ነው፤ በመጀመሪያ ራሳቸውን እንዳጠፉ ቢነገርም ባለቤታቸው አልተቀበሉትም፣ የፈረንሳይ ምርመራም በኋላ ወደ ግድያ አዘንብሏል። ጅቡቲ ፈረንሳይ የምርመራውን መዝገብ እንድታስተላልፍላት ኅዳር 3 ቀን 2004 ጠይቃ ስለተከለከለች በጥር 2006 ሄግ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የፍትሕ ፍርድ ቤት ከሰሰቻት። ፍርድ ቤቱ ሰኔ 4 ቀን 2008 በሰጠው ውሳኔ ፈረንሳይ ለእምቢታዋ ምክንያት ባለማቅረቧ በ1986 የተፈረመውን የሁለቱን አገሮች የትብብር ስምምነት አንቀጽ 17 መጣሷን ገለጸ፤ መዝገቡን እንድታስረክብ ግን አላዘዘም፣ ጥሰቱ መረጋገጡ ብቻ ለጅቡቲ በቂ ካሳ ነው አለ። ጉዳዩ ሌላም ታሪካዊ ፋይዳ አለው፤ አንድ አገር ክስ ከቀረበባት በኋላ በፈቃዷ ዳኝነቱን ስትቀበል ፍርድ ቤቱ በዚያ መሠረት የዋናውን ክርክር ፍሬ ነገር ሲወስን ይህ የመጀመሪያው ነው።

የፖሊስ ሥልጠና

የብሔራዊ ፖሊስ አካዳሚ የሚገኘው በናጋድ፣ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የባቡር መንገደኛ በሚወርድበት አካባቢ ነው።