ሳይሰካ የተቀመጠ ፍላሽ ስንት ዓመት ያቆያል?

የታሪክ ተማሪዎች ከሽማግሌዎች የቀዳነውን ድምፅ በፍላሽ ገልብጠን መሳቢያ ውስጥ ካኖርን በኋላ፥ ተጠብቋል ብለን እንዘነጋዋለን። ይህ እምነት የሚገባ መሆኑን ለመመርመር የዕቃውን ታሪክ መመልከት ያሻል።

መሠረቱ የተጣለው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። በአሜሪካን አገር በቤል ላቦራቶሪ ይሠሩ የነበሩት ዳዎን ካንግና ሳይመን ዚ፥ ዙሪያውን በመከለያ በታጠረ እጅግ ትንሽ ክፍል ውስጥ ኤሌክትሮን አስሮ ማቆየት እንደሚቻል አሳዩ። ጃፓናዊው ፉጂዮ ማሱኦካ በቶሺባ ኩባንያ ሳለ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ በ1984 ፍላሽ የተባለውን አቀረበ፤ በዩኤስቢ የሚሰካው የኪስ ዕቃም በ2000 ገበያ ላይ ዋለ።

እንግዲህ በፍላሽ ያለው ጽሑፍ የታሰሩ ኤሌክትሮኖች ብዛት ነው። እስረኞቹም በመከለያው በኩል ጥቂት በጥቂት ያመልጣሉ። ሙቀት ማምለጡን ያፋጥነዋል፤ ደጋግሞ መጻፍና መደምሰስም መከለያውን ያጎሳቁለዋል።

እኛን ይበልጥ የሚያስገርመን የኋለኛው ታሪክ ነው። በመጀመሪያ አንዱ ክፍል 1 ቢት ብቻ ስለሚይዝ ሁለት መጠን መለየት ይበቃ ነበር። ዋጋ ለማርከስ ሲባል 2፥ 3፥ ኋላም 4 ቢት ታጨቀበት፤ ለ4 ቢት 16 መጠኖችን መለየት ግድ ነው። ስለዚህም ጥቂት ቢጎድል ንባቡ ይሳሳታል።

አምራቾች ብዙ ጊዜ 10 ዓመት ይላሉ፤ ይህ ግን ብዙ ላልተጻፈበት ዕቃ ነው። በዚሁ ዘዴ ለሚሠሩት የግል ኮምፒዩተር ዲስኮች የወጣው የጄዴክ ደንብ፥ የመጻፍ ዕድሜያቸውን ከፈጸሙ በኋላ ያለ ኤሌክትሪክ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲያቆዩ የሚጠይቀው 1 ዓመት ብቻ ነው።

ፍላሽ ባትሪ አይደለምና መሰካቱ ብቻ ለጎደለው ዋስትና አይሆንም። ስለዚህ እኛ በየዓመቱ ድምፁን ወደ ሌላ ዕቃ እየገለበጥን፥ የቀድሞውንም ደምስሰን እንደገና እንጽፍበታለን።