ጓጓ

ስሙኝማ። «ጓጓ» ስላችሁ ማን ጓጓ፣ ለምንስ ጓጓ ትሉኝ ይሆናል። እኛም ያልነው ይኸንኑ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የኦጋዴኑ ጦርነት 1970 ዓ.ም ላይ ሲያበቃ፣ ወላጆቻቸውን ያጡ ልጆች ተሰብስበው በመርከብ ወደ ኩባ ተላኩ። ከሁለት ሺህ በላይ ነበርን። ያረፍንባት ደሴት ድሮ የፒኖስ ደሴት ትባል ነበር፤ እኛ ስንደርስ ስሟ ገና መለወጡ ነው፣ የወጣቶች ደሴት ተብላለች። ዙሪያዋን የብርቱካን ዘመድ የሆነ፣ መረር የሚል ትልልቅ ፍሬ ተተክሎባታል፤ ቶሮንሃ ይሉታል። ግማሽ ቀን ትምህርት፣ ግማሽ ቀን ቶሮንሃ።

ቋንቋ የሚባል አልነበረንም። እናላችሁ አንድ ቀን ጠዋት የምትጠብቀን ሴትዮ በሩን በርግዳ ገባችና «ዬጎ ላ ጓጓ!» ብላ ጮኸች። እርስ በርስ ተያየን። ከጎኔ የነበረው የሐረር ልጅ «እኔ ነኝ የጓጓሁት፣ ቁርስ አልበላሁም!» ብሎ እጁን ሲያወጣ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ሴትዮዋ ምን እንዳሳቀን ሳይገባት አብራ ሳቀች፤ ኩባ እንዲህ ነው። ደጅ ብንወጣ አውቶቡስ ቆሟል። ጓጓ ማለት አውቶቡስ ነው አልን፣ ተማርን፣ ጨረስን።

የት ጨርሰን!

ከወራት በኋላ እርሻ ላይ ነን። ፀሐይዋ አናት ትበሳለች። የእርሻ ባለሙያው አንድ ቅርንጫፍ ጎንበስ አድርጎ ቅጠሉን ገለበጠና በንዴት «ጓጓ!» አለ። እኔ ምን ሰማሁ? ሥራው አልቆ አውቶቡሱ መጣ! ቅርጫቴን ወርውሬ ወደ መንገዱ በረርኩ፤ አምስት ስድስት ልጆች ተከተሉኝ። መንገዱ ላይ አቧራ እንኳን የለም። አንገታችንን ደፍተን ስንመለስ ሰውዬው ቅጠሉን እንደያዘ ጠበቀንና ጀርባውን አሳየን። እንደ ፎረፎር የተለጠፉ፣ እግር ያላቸው የማይመስሉ ጥቃቅን ተባዮች ናቸው፤ የዛፉን ፈሳሽ እየመጠጡ ያደርቁታል። እነሱም ጓጓ ናቸው።

አሁን ወደ ሌላው ቃል ልውሰዳችሁ፣ ያለ እሱ ታሪኩ አይሟላም። «ኤስፔራር» ይባላል። የስፓኒሽ አስተማሪያችን ይህን ቃል ያስተማረችን አንድ ሳምንት ሙሉ ነው። «ኤስፔሮ» ስትል እጠብቃለሁ ማለትህ ነው። ተስፋ አደርጋለሁ ማለትህም ነው። ይሆናል ብዬ አስባለሁ ማለትም ይሆናል። በምን ይለያል? ኋላ በሚከተለው። «አ» ብለህ ሰው ካስከተልክ እየጠበቅከው ነው፤ «ኬ» ብለህ ነገር ካስከተልክ ተስፋ ነው። ኩባዎች ደግሞ ሲያወሩ «ኤስ» የሚለውን ድምፅ ስለሚውጡት፣ ደብተር ላይ ያየነው ቃል አፋቸው ላይ ሲደርስ «ኤፔራ» ሆኖ ይጠፋብናል።

በቃሉ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ተባልን። አንዱ «አውቶቡስ እጠብቃለሁ»፣ ሌላው «ምሳ እጠብቃለሁ» ጻፈ። ያ የሐረር ልጅ «ኤስፔሮ አ ሚ ፓድሬ» ብሎ ጻፈ፤ አባቴን እጠብቃለሁ። አባቱ የወደቀው ግንባር ላይ ነው። አስተማሪዋ የሁላችንንም ታሪክ ታውቃለች። ቀይ ብዕሯን ይዛ ደብተሩ ላይ ብዙ ቆየች። ሰዋስዉ ስህተት የለበትም። «ቢየን»፣ ጥሩ ነው ብላ ጻፈችለትና ወደ እኔ ደብተር አለፈች።

ዓመታት አለፉ። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ሐቫና ተሻገርኩ። እዚያ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሰው እንደኛ ተሰልፎ አይቆምም። ትመጣለህ፣ «ኡልቲሞ?» ትላለህ፣ የመጨረሻው ማነው ማለትህ ነው፤ አንዱ እጁን ያወጣል፣ ከእሱ ቀጥሎ ያለው ተራ ያንተ ነው። ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ተጋደም፣ ማንም ተራህን አይነካም።

አንድ ቀን ፌርማታው አጠገብ የማውቃት ቺሌያዊት ብቻዋን ጥላ ሥር ተቀምጣለች። በአገሯ መፈንቅለ መንግሥት ሲደረግ ተሰደው ኩባ ከገቡት አንዷ ነች። እኛ የ1966ን እንቁጣጣሽ ስናከብር ነው ቺሌዎች ያ ቀን የዋለባቸው። እና ምነው ከሰው ተለየሽ ብላት ፈገግ ብላ «ኤስቶይ ኤስፔራንዶ ጓጓ» አለችኝ። እኔም ደግነቴ!

«አይዞሽ እህቴ፣ የአሁኗ ሞልታ ሄዳለች፤ ግማሽ ሰዓት ታገሺ፣ ሌላ ትመጣለች። ብትሞላም በር ግፊና ግቢ።»

ሴትዮዋ እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ «ይህችማ ገና አራት ወር ይቀራታል» አለች።

ለካስ በቺሌ፣ በፔሩ፣ በቦሊቪያ፣ በኢኳዶር፣ በአንዲስ ተራሮች ግራ ቀኝ፣ ጓጓ ማለት ሕፃን ነው! ከኬቿዎች ቋንቋ የመጣ ነው፤ እነሱ ልጅን «ዋዋ» ይላሉ። የአውቶቡሱ ጓጓ ከየት እንደመጣ ግን ሊቃውንቱ እስከዛሬ ይከራከራሉ፤ ከኩባ ሌላ የካናሪ ደሴቶች ሰዎችም አውቶቡሳቸውን በዚሁ ስም ይጠሩታል። ኩባዊው አውቶቡስ ሲጠብቅ «ላ ጓጓ» ይላል። ሴትዮዋ «ላ» አላለችም። እኔን ያዋረደኝ ይኸው አንድ ፊደል ነው።

ሶቪየት ኅብረት ፈርሳ የኩባ ነዳጅ ሲነጥፍ ደግሞ ጓጓዋ ራሷ ብርቅ ሆነች። በከባድ መኪና የሚጎተት፣ ጣሪያው ሁለት ጉብታ ያለው፣ ግመል የሚሉት ነገር መጣ። ሁለት ሰዓት፣ ሦስት ሰዓት እንቆማለን። ያኔ «ኤስፔሮ ላ ጓጓ» ስል መጠበቄ ይሁን ተስፋ ማድረጌ እኔም አልለየሁትም። በአማርኛ ግን በደንብ ጓጉቻለሁ።

እንግዲህ ሐቫና የሄዳችሁ እንደሆነ፣ ጓጓ የት ይቆማል ብላችሁ ጠይቁ፣ ያሳዩዋችኋል። የቺሌዋ ሳንቲያጎ ከሄዳችሁ ግን «ሚክሮ» በሉ። ጓጓዬ የት ሄደች ያላችሁ እንደሆነ፣ ልጅ የጠፋባችሁ መስሏቸው ሰፈሩ ሁሉ ፍለጋ ይወጣላችኋል።