በግ የላጨው ኮረብታ

በደቡብ እንግሊዝ ከዊንቸስተር ከተማ ተነስቶ ኢስትቦርን ባሕር ዳርቻ የሚደርሰው የ160 ኪሎ ሜትር የእግር መንገድ በክረምታቸው ነጭ ጭቃ ነው። ሳውዝ ዳውንስ የሚባሉት ኮረብታዎች ውስጣቸው ጠመኔ ስለሆነ፣ ዝናብ ሲመታቸው መሬቱ እግር አያቆምም። ጠዋት ውሻውን አስከትሎ የወጣ ሰው ማታ ሲመለስ የውሻው ሆድ በኖራ የተለሰነ ይመስላል።

ዛሬ በዚህ ጭቃ የሚመላለሱት ሰውና ውሻ የወጡት ለመናፈስ ነው። የሚናፈሱበትን ገላጣ ሣር ያበጁት ግን ሥራ ላይ የነበሩ ሰዎች፣ በጎችና ውሾች ናቸው። ቦታውን «ያልተነካ ተፈጥሮ» እያለ የሚያደንቅ ጎብኚ ሳያውቀው የሚያደንቀው የገበሬን ድካም ነው።

ጠመኔው ዳይኖሰሮች ገና በነበሩበት ዘመን፣ ከ100 እስከ 70 ሚሊዮን ዓመታት በፊት ገደማ፣ በዓይን የማይታዩ የባሕር አልጌዎች ቅርፊት በባሕር ወለል ላይ ተደራርቦ የረጋ ነው። በውስጡ ባልጩት ተሰግስጓል። ከ5,000 ዓመታት በላይ በፊት የኖሩ ሰዎች ሲስበሪ በሚባለው ኮረብታ ላይ በአጋዘን ቀንድ ጉድጓድ እየቆፈሩ ያን ባልጩት አወጡ፤ መጥረቢያም ሠሩበት። በመጥረቢያው ጫካው ይመነጠር ጀመር። የተመነጠረው ጫካ እንዳይመለስ የከለከለው ደግሞ የበግ ጥርስ ነው።

ስስ አፈር ላይ በቅሎ ዘወትር የሚጋጥ ሣር ረጅሙ አጭሩን አይውጠውም። ስለዚህ በአንድ ካሬ ሜትር ውስጥ እስከ 40 የሚደርሱ የዕፅ ዓይነቶች ይገኛሉ። ለገበሬው ግን ዋናው ነገር አበባው አልነበረም። በጎቹ ቀን ኮረብታው ላይ ሲግጡ ውለው፣ ማታ ወደ ሸለቆው ወርደው በማሳ ላይ በሚነቀል አጥር ውስጥ ያድራሉ። አጥሩ እየተነቀለ ወደ ቀጣዩ ቦታ ሲዛወር ማሳው በየተራ ፍግ ያገኛል። የደጋ ገበሬ ይህን የሚያስረዳው ሰው አያሻውም። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጆን ኤልማን የተባለ የግላይንድ ገበሬ ሳውዝዳውን በግን እየመረጠ ሲያዳቅልና ስሙን ሲያስጠራ፣ ኮረብታው የሸለቆው እህል ጎተራ ደጀን ነበር ማለት ይቻላል።

ኮረብታው ላይ አጥር አልነበረም፤ አጥሩ ውሻው ነበር። እረኛው ፓይኮም በምትባል መንደር ቀጥቃጭ የሠራው ቆልማማ ጫፍ ያለው ዘንግ ይዞ ይቆማል፤ ከሰው ሰብል በጉን የሚመልሰው ውሻው ነው። ጠመኔ ውሃ ስለማያቁር በጎቹ የሚጠጡት ወለሉ በተደቀደቀ ሸክላ አፈር ከተለበጠ ኩሬ ነበር። ከእነዚህ ኩሬዎች አንዳንዶቹ ዛሬም አሉ።

ይህ ሥርዓት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ተፈታ። ርካሽ እህልና ሱፍ ከባሕር ማዶ ገባ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መንግሥት ለእህል ሲል ብዙውን ሣር አሳረሰ፤ ከጦርነቱም በኋላ በድጎማ ማረሱ ቀጠለ። ባልታረሰውም ላይ በግ ሲጠፋ እሾሃማ ቁጥቋጦ ወረረው። እስከዚያ ሣሩን በማሳጠር ሲያግዙ የነበሩትን ጥንቸሎች በ1953 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) የገባ በሽታ ፈጃቸው።

እረኛው በወጣበት በር መንገደኛው ገባ። የ1949ኙ ሕግ ለብሔራዊ ፓርኮች መሠረት ጣለ፤ የሳውዝ ዳውንስ የእግር መንገድ በ1972 ተከፈተ፤ አካባቢው ራሱ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ገና በ2010 ነው። በ2000 የወጣው ሕግ ለሕዝብ ክፍት በተደረጉ ኮረብታዎች ላይ ማንም በእግሩ እንዲዘዋወር ፈቀደ፤ ውሻ ግን ከመጋቢት 1 እስከ ሐምሌ 31፣ በነሱ ወር፣ ከ2 ሜትር ባልበለጠ ማሰሪያ መያዝ አለበት። መሬት ላይ ጎጆ የሚሠሩ ወፎች የሚፈለፍሉት ያኔ ነው። ከብት አጠገብ ከሆነ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ይታሰራል። ድሮ ሰብልን ከበግ የሚጠብቅ የነበረው እንስሳ፣ ዛሬ በጉ ከሱ ይጠበቃል። ሕጉ ትክክል ይመስለኛል፤ የከተማ ውሻ በግ ሲሮጥ ሲያይ የሚያደርገውን ያየ ሰው አይከራከርም።

ከጭቃውም በስተጀርባ ሌላ ጉዳይ አለ። ጫማ የሚያበላሸው ዝናብ ቀስ እያለ በጠመኔው ውስጥ ሰርጎ የብራይተን ከተማ የመጠጥ ውሃ ይሆናል። ማሳ ላይ የተበተነ ማዳበሪያም አብሮት ይሰርጋል። ከተማዋ በዙሪያዋ ያለውን ሰፊ የኮረብታ መሬት ከመቶ ዓመት በፊት ገዝታ የያዘችበት አንዱ ምክንያት ይኸው ውሃ ነበር። አሁን ከዚያ መሬት በከፊሉ ላይ በጎች ተመልሰዋል። እየወጡ የሚቆጥሯቸውና የታመመ ካለ የሚያሳውቁት ደመወዝ የማይከፈላቸው የከተማው ነዋሪዎች ናቸው።