ብሥራት

ብሥራት በግእዝ «አብሠረ» ከሚለው ግሥ የወጣ፣ ደስ የሚያሰኝ ዜና ማለት ነው፤ ሰውም ይህንኑ በአማርኛው «የምሥራች» ብሎ ቢያሰማ፣ «ምሥር ብላ» የሚል ምላሽ አያጣም። በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ግን ቃሉ ጠበብ ይልና፣ መልአኩ ገብርኤል ለእመቤታችን ያመጣውን ቃል ብቻ ለይቶ ያመለክታል።

የጌታ የጽንሰቱ ዕለት መጋቢት 29 በመሆኑ፣ ይህ ታላቅ የደስታ በዓል ብዙውን ጊዜ የሚውለው ከበሮው ዝም በሚልበት፣ ካህናቱም በመቋሚያ ብቻ ጾመ ድጓ በሚዘምሩበት በዐቢይ ጾም ወራት ነው። ይህ ችግር የእኛ ብቻ አልነበረም፤ የስፔን ጳጳሳት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ656 ዓ.ም. በቶሌዶ ጉባኤ አድርገው፣ በዓሉ ከጾሙ ወጥቶ ከልደት በፊት በ8ኛው ቀን እንዲከበር ደነገጉ። ጥቂት ቈይቶ በዚያው መንበር የተሾመው ኢልዴፎንሶ፣ በተአምረ ማርያም መጽሐፋችን ደቅስዮስ የተባለው ቅዱስ ነው። መጽሐፉ በዐፄ ዳዊት ዘመን ከዓረብኛ ወደ ግእዝ ተመልሷል፤ እኛም ደቅስዮስን ከብሥራቱ ጋር የምናስበው ታኅሣሥ 22 ቀን፣ ማለት ብዙውን ጊዜ ከልደት 7 ሌሊት ቀድሞ ነው (የስፔኑ 8 መነሻውን ቀን ጨምሮ የተቈጠረ ነው)።

የአንድ ካቶሊካዊ ጳጳስ መታሰቢያ በሰሜን ደጋ ደብሮች እንዲህ ጸንቶ መኖሩ ሊያስደንቅ ይገባል። የላቲን ካቶሊካውያን ራሳቸው ግን ብሥራቱን ዛሬም በማርች 25፣ አብዛኛውን ጊዜ በጾማቸው መካከል ያከብሩታል።