ባዶ ቀለህ በወንጪ ዙሪያ፤ ጥይትን መልሶ ስለ መሙላትና ስለ ጀማሪው መሣሪያ

ጠመንጃ ወደ ኢትዮጵያ ስለ መግባቱ ብዙ ተጽፎአል፤ ስለ ጥይቱ የተጻፈው ግን ጥቂት ነው። የታሪክ ጸሐፊዎች ይህ ንጉሥ ይህን ያህል ነፍጥ ነበረው፥ ያ መስፍን ይህን ያህል አስመጣ እያሉ ይቈጥራሉ። ነገር ግን ጥይት የሌለው ጠመንጃ ከበትር አይሻልም፤ እንዲያውም ከበትር ይከብዳል። ስለዚህ ባሕር በር በራቀው አገር ለሚኖር ባላገር ዋናው ጥያቄ ጠመንጃው ምን ያህል ይርቃል የሚለው አልነበረም። ጥይቱ ከተተኮሰ በኋላ በመሬት ላይ የወደቀው የናስ ቀለህ እንደ ገና ይሞላልን ወይስ አይሞላም? ሰው ጠመንጃውን የሚመርጠው በዚህ ነበር። ከአምቦ እስከ ወሊሶ ባለው አገር፥ ይልቁንም ወንጪን በመሰለው ከፍተኛ ስፍራ፥ በጠላት ወረራ ዘመን የነበረውን ተጋድሎ ያለዚህ ጥያቄ በደንብ ለማወቅ አይቻልም።

አንድ ጥይት አራት ነገሮች አሉት። የመጀመሪያው ከናስ የተሠራው ቀለህ ነው። ሁለተኛው በቀለሁ ቂጥ የሚገባው ካፕሱል ነው፤ ይህም ከስስ መዳብ የተሠራ ትንሽ ቆብ ሆኖ በውስጡ በመርፌ ሲመታ የሚነድ ነገር አለው። ሦስተኛው ባሩድ፥ አራተኛው ከአፉ የሚቀመጠው አረር ነው። ሲተኰስ ሦስቱ ይጠፋሉ፥ ቀለሁ ብቻ ይቀራል። ከአራቱም ለመሥራት እጅግ አስቸጋሪ የሆነው ቀለሁ ስለ ሆነ፥ የቀረው ነገር ትርፍ ነው ማለት ይቻላል። አረሩን እርሳስ ያገኘ ሰው ሁሉ ያፈስሰዋል። ባሩዱንም ድኝና ከሰል ባለበት አገር የሚያውቁ ሰዎች ይቀምሙት ነበር። ካፕሱሉ ግን ከባሕር ማዶ ይመጣ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ፈረንጆችን ሰብስበው ሴባስቶፖል የተባለውን ታላቅ መድፍ አስፈሰሱ፥ በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ አስጐተቱት። ከጣት ጥፍር የሚያንሰው ካፕሱል ግን ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ከውጭ የሚለመንና የሚገዛ ነገር ሆኖ ኖረ።

በ1868 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጉንደትና በጉራዕ የግብፅን ሠራዊት ድል በነሡ ጊዜ ሬሚንግቶን የተባለው ባለ ቀለህ ጠመንጃ በብዛት ተማረከ። ከዚያ በፊት አብዛኛው ነፍጥ በአፈሙዝ የሚጐረስ ስለ ነበር ቀለህ የሚባል ነገር በሰው እጅ አልበዛም ነበር። ሁለቱ ዓይነቶች በአንድ ዘመን ተቀላቅለው መኖራቸውን የሚያስረዳ አንድ ታሪክ አለ። ቅኔ መጻፉን ትቶ ነጋዴ የሆነው ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ በ1879 ዓ.ም. ለንጉሥ ምኒልክ ሊሸጥ ወደ ሸዋ ያመጣው 2,040 ባለ ካፕሱል ጠመንጃና 60,000 የሬሚንግቶን ጥይት ነበር። ጠመንጃዎቹ አውሮፓ የጣለችው አሮጌ ዓይነት ሲሆኑ ጥይቱ የአዲሱ ዓይነት ነው። ራምቦ በዚህ ንግድ እንደ ተጐዳ በደብዳቤው አማርሮ ጽፎአል፤ ንጉሡ ግን የሚገዙትን ዕቃ ዋጋ ከሻጩ ይልቅ ሳያውቁ አልቀሩም።

ከመጡት ጠመንጃዎች ሁሉ በባላገሩ ዘንድ ሥር የሰደደው ፈረንሳዮች «ፉዚ ግራ» የሚሉት፥ በእኛ አፍ ውጅግራ የተባለው ነው። ይህ ጠመንጃ በፈረንጅ አቈጣጠር በ1874 የወጣ፥ አፉ 11 ሚሊ ሜትር የሆነ፥ አንድ በአንድ የሚጐርስ ነው። አረሩ 25 ግራም ያህል የሚመዝን ልሙጥ እርሳስ፥ ባሩዱም ከ5 ግራም ጥቂት የሚበልጥ ጥቁር ባሩድ ነው። እንግዲህ አንድ ኪሎ እርሳስ 40 አረር ይወጣዋል፥ አንድ ኪሎ ባሩድም 190 ያህል ቀለህ ይሞላል። ሒሳቡ ለገበሬም ቢሆን ግልጽ ነው። ፈረንሳዮች ራሳቸው በ1886 ጭስ የሌለውን ባሩድ ይዘው ለበንን ሲያወጡ ውጅግራን እንደ ጥራጊ ሸጡት፤ የእነርሱ ጥራጊ ለኢትዮጵያ የሚስማማ ሆነ። ውጅግራ እስከ ጠላት ዘመን ድረስ በየቤቱ የቈየው ሰው አዲሱን ስላላወቀ አይደለም። የለበን ቀለህ አንድ ጊዜ ከተተኰሰ በኋላ በአገር ባሩድና በአገር እርሳስ መልሶ ለመሙላት የማይመች ስለ ነበረ ነው።

ጥይት በሸዋና ከሸዋ በስተ ደቡብ ባሉት ገበያዎች ከአሞሌ ጨው ጋር እንደ ገንዘብ ሲመነዘር መኖሩ የታወቀ ነው። መንግሥትም እንደ ገንዘብ ያየው ነበር። በ1885 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ የውጫሌን ውል ባፈረሱበት ወራት ከኢጣልያ ሁለት ሚሊዮን ያህል ጥይት ተቀብለው ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በዐድዋ የሆነውን ለሚያስብ ሰው ኢጣልያ በገዛ እጅዋ የሰጠችው ስጦታ የሚያስገርም ነው።

ቀለሁን የሚሞላው ማን ነበር? ብረት ቀጥቃጩ ነው። ወናፉንና መዶሻውን ይዞ ከመንደሩ ዳር የሚኖር፥ ቀን ማረሻ የሚያሰላ፥ ማታ ቡዳ እየተባለ የሚሸሽ ሰው። ጌታው ጠመንጃውን በትከሻው ሲያነግብ ይከበራል፤ ያን ጠመንጃ የሚያናግረው ግን የተናቀው እጅ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በዐዋጅ ከለከሉ፤ ዐዋጁ በጊዜው ምን ያህል እንደ ተፈጸመ ግን ከዚያ በኋላ የኖረው ልማድ ራሱ ይመሰክራል።

ለዚህ ሥራ ጀማሪ ምን ዓይነት መሣሪያ ያስፈልገዋል? ይህ ጥያቄ በሸዋ ብቻ የተነሣ አይደለም። በአሜሪካ ምዕራብ አገር ጎሽ ያድኑ የነበሩት ሰዎች ከከተማ ርቀው ስለሚከርሙ ቀለሃቸውን በሰፈራቸው ይሞሉ ነበር። ለእነርሱም ከ1880ዎቹ ጀምሮ አይዲያል የተባለው ፋብሪካ በጉጠት አምሳል የተሠራ የእጅ መሣሪያ አወጣ። አንዱ ጉጠት አሮጌውን ካፕሱል ያወጣል፥ አዲሱን ያስገባል፥ አረሩንም በቀለሁ አፍ ያስቀምጣል፤ በጫፉ የአረር ማፍሰሻ የተጨመረበትም አለ። በገበታ ላይ የሚተከለው ትልቁ መጫኛ ከዚህ ይልቅ ጠንካራና ትክክለኛ ነው፤ ዛሬም በዚያ አገር በቤቱ ጥይት መሙላት ለሚጀምር ሰው አስቀድሞ የሚመከርለት እርሱ ነው። ነገር ግን ገበታ የሚኖረው ቤት ላለው ነው። ዛሬ እዚህ አድሮ ነገ በሌላ ተራራ የሚውል ሰው በአቅማዳ የሚገባውን ከመምረጥ በቀር ሌላ ምርጫ የለውም። ከጉጠቱ ሁሉ ነገር ባይገኝም ወስፌ፥ አረር ማፍሰሻ፥ ከቀንድ የተቈረጠ መስፈሪያና አረሩን የሚያስገባ ልክ ያለው ዘንግ ካለ ሥራው ይጀመራል።

ጀማሪው መጀመሪያ የሚሰናከለው በካፕሱሉ ነው። በፈረንጅ አቈጣጠር ከ1866 ጀምሮ ሁለት ሥርዓቶች ተነሡ። እንግሊዛዊው መኰንን ቦክሰር ያወጣው ካፕሱል መመቻውን በራሱ ውስጥ ስለ ያዘ የቀለሁ ቂጥ በመካከል አንድ ቀዳዳ ብቻ አለው፤ በወስፌ ከውስጥ ሲገፋ ይወድቃል። አሜሪካዊው በርዳን ባወጣው ግን መመቻው የቀለሁ አካል ነው፥ ቀዳዳዎቹም ወደ ጐን የሆኑ ጥቃቅኖች ናቸው፤ ወስፌ አያልፍባቸውም። ወይ ከውጭ በጥንቃቄ ይፈለቀቃል፥ ወይም ቀለሁን ውሃ ሞልቶ በልኩ በተሠራ ዘንግ ሲመቱት ውሃው ገፍቶ ያስወጣዋል። የሚያስቀው ነገር የአሜሪካዊው ሥርዓት በአውሮፓ፥ የእንግሊዛዊው በአሜሪካ መሰልጠኑ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ጥይት አብዛኛው የአውሮፓ ስለ ነበር አስቸጋሪው ዕጣ ለእኛ ደረሰ።

ከሁሉ የሚበልጠው ፍርሃት ግን በባሩዱ ነው። ጥቁር ባሩድ በቀለሁ ውስጥ ባዶ ስፍራ ሳይተው በስፍር ይሞላል፤ ስለዚህ ቀንድ መስፈሪያው ይበቃል። ጭስ የሌለው ባሩድ ግን በሚዛን እንጂ በግምት አይሆንም። የጥቁሩን ስፍር የሚያህል ጭስ የሌለው ባሩድ በውጅግራ ቀለህ ያስገባ ሰው ጠመንጃውን በገዛ ፊቱ ላይ ያፈነዳል። ከተማረከ ጥይት ባሩድ አውጥቶ በአሮጌ ቀለህ ለመሙላት የተመኘ ጀማሪ፥ ሚዛን ከሌለው፥ ዐይኑንና ጣቶቹን አስይዞ ይጫወት ነበር ማለት ነው። የተማረው ሠራተኛ የሚታወቀው መሣሪያ በማብዛቱ ሳይሆን፥ አፉ የተሰነጠቀውን ቀለህ ሳይሳሳለት በመጣሉ፥ ባሩዱንም ባለማቀላቀሉ ነው።

ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር አዲስ አበባ ሲገባ ይህ ሁሉ ከሞያነት ወደ ሕይወትና ሞት ነገርነት ተለወጠ። ከጦርነቱ በፊት መንግሥታት መሣሪያ እንዳይሸጥ በመከልከላቸው የአገሩ ጥይት ጥቂት ነበር፤ ከወረራው በኋላ ደግሞ ከነመሣሪያው የተያዘ ሰው ይገደል ጀመር። ወንጪ ከአዲስ አበባ በሆለታ፥ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አድርጎ ወደ አምቦ በሚሄደው መንገድና በወሊሶ በኩል ወደ ጅማ በሚወርደው መንገድ መካከል ያለ ከፍታ ነው። ጠላት ሁለቱን መንገዶች በምሽግ ቢይዝ በመካከል ያለው ደጋ ለአርበኛው ቀረ። በወሊሶ በኩል በኋላ ደጃዝማች የተባሉት ገረሱ ዱኪ፥ አባ ቦራ፥ ተነሡ፤ በጅባትና ሜጫም በ1913 ዓ.ም. የተወለዱት ጃገማ ኬሎ ገና በ15 ዓመታቸው ጫካ ገቡ። ጥይታቸው ከጠላት የሚማረክ፥ ከከተማ በምስጢር የሚላክ፥ ወይም ቀለሁ ተለቅሞ እንደ ገና የሚሞላ ነበር። በከተማ ሆነው ጥይትና መድኃኒት ይልኩ ከነበሩት መካከል ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ስማቸው የታወቀ ነው፤ ስለዚህም ሥራ ተይዘው ተሠቃይተው በኢጣልያ ወደ አዚናራ ደሴት ተጋዙ።

የወንጪ አገር ለዚህ ሥራ የሚረዳም የሚያስቸግርም ነው። የተራራው ጫፍ ከባሕር ወለል ከ3,000 ሜትር በላይ ስለ ሆነ፥ ቅዱስ ቂርቆስ ያለባት ደሴት ከነሐይቁ በጉም የምትሸፈንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጥቁር ባሩድ ደግሞ እርጥበት ይጠጣል፤ የጠጣ ባሩድ ጭስ እንጂ ኀይል የለውም። የተተኰሰውም ቀለህ ቶሎ ካልታጠበ የባሩዱ ዝቃጭ ናሱን ይበላዋል፤ ውሃ ግን በዚያ አገር አይታጣም። ማርም አይታጣም። ሰም ከሞራ ጋር ቀልጦ አረሩን ለመቀባት፥ የቀለሁንም አፍ ለመድፈን የተሻለ ነገር አልተገኘም። ቅኔ ያወቀ ሰው በዚህ ስፍራ ሰምና ወርቅ ማለት ቢያምረው አይፈረድበትም፤ ባሩዱን ከእርጥበት ሸፍኖ የሚያኖረው ሰሙ ነውና።

ነገር ግን የኢጣልያ ወታደር የያዘው ካርካኖ አፉ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ አረሩም በጠንካራ ማዕድን የተለበጠ ነው። ቀለሁ በጥቁር ባሩድ ቢሞላ ጥቂት ስለሚይዝ ኀይል ያንሰዋል፥ ጠባቡም አፈሙዝ ቶሎ በጥላሸት ይታፈናል፤ ልሙጥ እርሳስም በዚያ ጠመዝማዛ ውስጥ ይላጣል። ስለዚህ ከጠላት የተማረከው ጠመንጃ ምግቡን ደግሞ ከጠላት እንጂ ከአንጥረኛ አያገኝም ነበር። ይህም ውጊያውን ራሱን ለወጠው፤ ካርካኖ የያዘ አርበኛ ጥይት ባለቀበት ጊዜ ተደብቆ ሊቈይ አይችልም፥ ምሽግ ወይም ጭነት መምታት ግድ ይሆንበታል። ውጅግራ የያዘው ግን ዝናሩን እስኪሞላ ድረስ መታገሥ ይችላል። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ሰፈር ሲገናኙ አለቃው ማንን ለፊት ማንን ለኋላ ያሰልፍ እንደ ሆነ የሚወስነው በቀለሁ ጭምር ነበር። በመጨረሻው ዓመት ወይዘሮ ሸዋረገድ ከግዞት ተመልሰው ከነበሩ አርበኞች ጋር፥ ጃገማም ከሰዎቻቸው ጋር፥ የአዲስ ዓለምን ምሽግ ሲወጉ በግምጃ ቤቱ ያለው መሣሪያ ከምሽጉ ያላነሰ የሚፈለግ ነገር ነበር።

ከሚያዝያ 1933 ዓ.ም. በኋላ የተማረከው ጠመንጃ በየቤቱ ስለ ሞላ የሞዪው ሥራ እየተቀዛቀዘ ሄደ። በደርግ ዘመን ከአምቦ ብዙ ሳይርቅ ሆሚቾ የተባለው የጥይት ፋብሪካ ተቋቋመ፤ እርሱም በ2002 ዓ.ም. ከተመሠረተው የብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን ሥር ገብቶ ነበር። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቍጥጥር ዐዋጅ ቍጥር 1177 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መሥራትንና መጠገንን ከልክሎአል። በአሜሪካ ጉጠቱና መጫኛው በሱቅ ሲሸጥ፥ በሸዋ ደጋ የቀረው አረር ማፍሰሻ ወናፉ በጠፋበት ቤት ግድግዳ ላይ የተንጠለጠለ ብረት ነው።